ሥዕሉና ግድግዳው፤ ስለ ጥንታውያን ገዳሞቻችን ሥዕላት አሰያየም

የኢትዮጵያን ጥንታውያን ገዳማት የሚያወሱ የአውሮፓ መጻሕፍት በመቅደሱ ግድግዳ ላይ የሚታየውን ሥዕል ሁሉ «ፍሬስኮ» ማለት ለምደዋል፤ የእኛም ጸሐፊዎች ቃሉን እንዳለ ተቀብለውታል። ጉዳዩ የስያሜ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልተነሣ ነበር። ዳሩ ግን ቃሉ የሥዕሉን አሠራር ከመሳቱም በላይ በሥዕሉ ላይ የደረሰውን በደል ይሸፍናል።

ፍሬስኮ ገና ባልደረቀ የኖራ ልስን ላይ የሚሣል ሥዕል ነው። ኖራው ሲደርቅ ቀለሙን ይዞ ስለሚቀር ሥዕሉና ግድግዳው አንድ አካል ይሆናሉ። በጣና ገዳማትና በጎንደር የጸናው ልማድ ግን ሌላ ነው። የመቅደሱ ግድግዳ በጭቃና በጭድ ከተመረገ በኋላ የጥጥ ጨርቅ ይለጠፍበታል፤ ሠዓሊውም የሚሥለው በጨርቁ ላይ ነው። ስለዚህ ይህ ሥዕል ሊላጥ፣ ሊጠቀለልና በበቅሎ ተጭኖ ሊሄድ ይችላል።

ይህም ሆኗል። በማርሴል ግሪዮል የተመራው የዳካር-ጅቡቲ ተልእኮ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር በሰነበተበት ጊዜ የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕላት ከግድግዳቸው አስነሥቶ ወደ ፓሪስ ወሰዳቸው። በምትካቸው የተልእኮው ሠዓሊ ጋስቶን ሉዊ ሩ ያዘጋጃቸው ቅጂዎች ተተከሉ። የተልእኮው ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ በ1934 ባሳተመው የዕለት ማስታወሻ ታሪኩን መዝግቦታል። ሥዕላቱ ዛሬ በኬ ብራንሊ ሙዚየም ይገኛሉ።

የድርጊቱ ደጋፊዎች ሁለት ምክንያት ያቀርባሉ፦ አንደኛ፣ ሥዕሉ ጣሪያው ከሚያፈስ ቤት ወጥቶ ከጥፋት ዳነ፤ ሁለተኛ፣ ቅጂው የሥዕሉን መልክ ለባለቤቶቹ አቆየላቸው። ይህን ክርክር እዚሁ ስዊዘርላንድ ውስጥ ባለ ምሳሌ መመዘን ይቻላል። በጄኔቫ ከቅዱስ ጴጥሮስ ካቴድራል ጋር የተያያዘው የመቃብያን ጸሎት ቤት በ15ኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ ሲታነጽ በጣሪያው ላይ የዜማ መሣሪያ የያዙ መላእክት ተሥለውበት ነበር። ከዚያ ሥዕል የተረፈው በ19ኛው ምዕት ዓመት ተነሥቶ ዛሬ በከተማው የሥነ ጥበብና የታሪክ ሙዚየም ይገኛል፤ ጸሎት ቤቱ ውስጥ የሚታየው ቅጂው ነው። እንግዲህ ጄኔቫም እንደ ጎንደር ኦሪጅናሉን በሙዚየም፣ ቅጂውን በቤተ ጸሎት አኑራለች ሊባል ነው። ይሁንና ልዩነቱ ከመመሳሰሉ ይበልጣል። የጄኔቫ ሰው ከቅጂው ተነሥቶ በእግሩ ወደ ኦሪጅናሉ ይደርሳል፤ ጎንደሬው ባሕር መሻገር አለበት። ደግሞም የጄኔቫው ሥዕል የተነሣው የቀድሞው ቅዳሴ ከቦታው ከቀረ ከ300 ዓመት በኋላ ሲሆን፣ የአባ እንጦንስ ግን አገልጋይ ካህናት ካሉት ቤት ነው።

ነገሩን ይበልጥ የሚያብራራው የዙሪክ ታሪክ ነው። በዝዊንግሊ ትምህርት መሠረት በ1524 ከከተማዋ አብያተ ክርስቲያናት ሥዕላት ተነሡ፤ ግድግዳዎቹም በኖራ ተለቀለቁ። በተከታዩ ዓመት፣ በ1525፣ ቅዳሴው ተሻረ። የሁለቱ ድርጊቶች መከታተል በአጋጣሚ አልነበረም። ሥዕልን የጠሉት እነዚያ ሰዎች፣ ሥዕልን እንወዳለን ከሚሉት ሰብሳቢዎች ይልቅ አንድ እውነት በሚገባ ተረድተው ነበር፦ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ከሥርዓተ አምልኮው ጋር የተሰፋ ነው፤ አንዱ ሲነካ ሌላው ይናጋል።

በዑራ ኪዳነ ምሕረት ሊቃነ መላእክት በመቅደሱ በር ላይ መቆማቸው ለጌጥ አይደለም። በሩ ካህን ካልሆነ በቀር የማይገባበት ስለሆነ ዘበኛ ያስፈልገዋል። ያው ሥዕል በሙዚየም ነጭ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ሰይፉን እንደያዘ ይቆያል፤ የሚጠብቀው ግን የለም። በሥዕሉ ሥር የሚጻፈው መግለጫም ምዕት ዓመቱንና የአሣሣል ስልቱን ይነግረናል እንጂ ሥዕሉ በየትኛው በር፣ ከየትኛው ታሪክ በላይ ወይም በታች እንደነበረ አይነግረንም። ቀለሙ ድኗል፤ ንባቡ ግን ጠፍቷል።

ይህ ሒስ ወደ ውጭ ብቻ የሚመለከት አይደለም። በአገራችን በየደብሩ አሮጌው ሕንፃ ፈርሶ በሲሚንቶ ሲታነጽ፣ ወይም የደበዘዘው ሥዕል ይታደስ ተብሎ በዘይት ቀለም ሲደረብበት፣ የሚደርሰው ጥፋት ከግሪዮል ሥራ አያንስም፤ እንዲያውም ያኛው ቢያንስ ኦሪጅናሉን አላጠፋም። በጎ ሐሳብና ምእመናን ያዋጡት ገንዘብ ብቻቸውን ቅርስ አያድኑም። ከማናቸውም እድሳት በፊት የመቅደሱ አራት ግድግዳዎች ከነቅደም ተከተላቸው ፎቶግራፍ ሊነሡና ምሥጢራቸው የቤተ ክርስቲያኑን ትውፊት በሚያውቁ ሊቃውንት አንደበት ሊመዘገብ ይገባል።

የአባ እንጦንስ ሥዕላት ይመለሱ የሚለው ጥያቄም ክብደት የሚያገኘው ከጣሪያው ጥገና ጋር አብሮ ሲቀርብ ነው። ቅጂ መልክን ሊያሳይ ይችላል፤ ሕዝብ የጸለየበትን ሊተካ አይችልም። ሆኖም ሥዕሉን የምንጠይቅ እኛ ግድግዳውን አዘጋጅተን መጠበቅ አለብን።