ዜማው ሲዘጋ የሚቀረው

ኑሮዬ የሰው ጽሑፍ ማረም ነው፤ አልፎ አልፎ የራሴንም እጽፋለሁ። ያለ ሙዚቃ መሥራት አልወድም። የትኛው ዜማ ለየትኛው ሥራ እንደሚሆን ማወቅ ግን ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

የአማርኛ ዘፈን ከፍቶ አማርኛ ማረም የሚሆን ነገር አይደለም። የእኛ ዘፈን የሚደመጠው ለግጥሙ ነው፤ ድምፃዊው ስንኙን ሲጥለው ጆሮ ወርቁን ፍለጋ ይሄዳል። ያን ጊዜ ዓይን መስመሩን ይከተላል እንጂ አያነብም፤ «ሰዎቹ መጣ» የሚል ዐረፍተ ነገር ፊት ለፊት ቆሞ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1989 ፒየር ሳላሜ እና አለን ባድሊ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ይህን የሚመስል ነገር በሙከራ አሳይተዋል። ያዩትን የቁጥር ተርታ በቃላቸው ለመያዝ የሚሞክሩ ሰዎችን፣ ዘፋኝ ያለበት ሙዚቃ በመሣሪያ ብቻ ከተቀነባበረው የበለጠ አሰናክሏቸዋል። ቋንቋውን አለማወቅም አያድንም፤ የማይገባን ንግግርም ቢሆን ያደናቅፋል። ስለዚህ ወደ ህንድ ዘፈን መሸሽ ብዙ አያዋጣም።

ረቂቅ ስጽፍ በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ ሙዚቃ ነው የምከፍተው። የሙላቱ አስታጥቄ ሥራዎች፣ ባሱ እየተመላለሰ ስለሚመጣ፣ ወንበር ላይ ረግቶ ለመቆየት ይመቻሉ። የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ፒያኖ ሌላ ነው፤ ምቱ ይዘገያል፣ ድንገት ይቸኩላል፣ እሱን እየሰማሁ የምጽፈው ዐረፍተ ነገርም ይረዝማል። ነጠላ ሰረዜ ሲበዛ ምን ከፍቼ እንደነበር አውቃለሁ።

ከሁሉ የምጠነቀቀው ትዝታን ነው። በትዝታ ቅኝት ስጽፍ፣ ጉዳዩ የኮንዶሚኒየም ዕጣ እንኳ ቢሆን፣ ሆዴ ይባባል። ስለ አንዲት ተመዝጋቢ እናት «ዓመታት ጠበቁ» ብዬ ጽፌ ዓይኔ እንባ ያቀርራል። በማግስቱ ጠዋት የጆሮ ማዳመጫውን አውልቄ ሳነበው ገጹ ላይ ያለችው «ዓመታት ጠበቁ» ብቻ ናት። ስንት ዓመት? የት ተከራይተው? ኪራዩን ማን እየከፈለላቸው? ሐዘኑ የክራሩ ነበር፤ አንባቢ ደግሞ ክራሩን አይሰማም። በዜማ የጻፍኩትን ሁሉ በዝምታ፣ ድምፄን አውጥቼ የማነበው ለዚህ ነው። ያን ጊዜ ባዶ የሆነው ቦታ ራሱ ይናገራል፤ ኪራዩም፣ የዓመቱ ቁጥርም የሚገቡት ያኔ ነው።

ስሜቱ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1993 «ሞዛርት ያዳመጠ ብልህ ይሆናል» የሚለውን ወሬ ያስነሣው ጥናት የፈተነው 36 የኮሌጅ ተማሪዎችን ነበር፤ ለውጡም ከሩብ ሰዓት ያህል አልዘለለም። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ነገሩን ከሞዛርት ይልቅ ከአድማጩ መነቃቃትና ደስ መሰኘት ጋር አያይዘውታል። ለእኔ ያው ሩብ ሰዓት ይበቃኛል፤ የሚከብደው የመጀመሪያው አንቀጽ ነው።

የገጽ ቁጥር ስሞላና ማውጫ ስደረድር ግን ዘፈኑ ከነግጥሙ ይምጣ። እጅ ሲሠራ አፍ ቢያንጎራጉር ማንን ይጎዳል? ቢቢሲ እ.ኤ.አ. ከ1940 ጀምሮ ለፋብሪካ ሠራተኞች የሙዚቃ ዝግጅት ሲያሰራጭ የዚህኑ ዓይነት ሥራ አስቦ ነበር። እዚያም ቢሆን ገደብ ነበረው፤ የሚያስጨበጭብ አንድ የአሜሪካ ዘፈን ሠራተኛው በመሣሪያው እየደበደበ እንዳያጅበው ተብሎ ከዝግጅቱ ወጥቷል።

የመጨረሻው እርማት ያለ ምንም ነው፤ የአዲስ አበባ ዝምታ ከነታክሲ ጡሩንባው ዝምታ ከተባለ። አብሮኝ የሚሠራ አንድ አራሚ አለ፤ የኳስ ጨዋታ በሬዲዮ ከፍቶ ያርማል፣ ስሕተትም አያመልጠውም። ሬዲዮው አይረብሽህም ወይ ብዬ ስጠይቀው ቀና ብሎ «የትኛው ሬዲዮ?» አለኝ።