ሦስት ወር በዕፅዋት ጤና መሥሪያ ቤት፦ ስለ አንድ የተማሪዎች የሥራ ልምምድ የቀረበ ትችት

ተማሪ ከመጽሐፉ ተነሥቶ ለጥቂት ጊዜ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ቢሠራ የሚጠቅም መሆኑን ማንም አይክድም። ይሁን እንጂ ጠቃሚ የተባለ ነገር ሁሉ ሳይመረመር መታለፍ የለበትም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ በብሪታንያ የዶክትሬት ተማሪዎች በመንግሥት የፖሊሲ ክፍሎች የሚያደርጉትን የሦስት ወር ልምምድ፥ በተለይም ለዕፅዋት ጤና ጥበቃ የሚሰጠውን ጥቅም ለመመርመር አስበናል። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ደንቡ እንዲህ ነው። በምርምር ምክር ቤቶች ገንዘብ የሚማረው ተማሪ ጥናቱን ለሦስት ወር አቋርጦ፥ አበሉ ሳይጓደልበት፥ በፓርላማ ወይም በአንድ ሚኒስቴር ይሠራል። ከተቀባዮቹም አንዱ በአጭር ስሙ ዴፍራ የሚባለው የአካባቢ፥ የምግብና የገጠር ጉዳይ ሚኒስቴር ነው። ተማሪው ከሁሉ በፊት የሚጠበቅበት ሥራ የተበታተነውን ማስረጃ ሰብስቦ ለሹማምንቱ አጭር ጽሑፍ ማዘጋጀት ነው።

በዕፅዋት ጤና በኩል የመሥሪያ ቤቱ ዋና መሣሪያ በ2014 ለሕዝብ የተገለጸው የአደጋ መዝገብ ነው። በዚህ መዝገብ ከ1,000 በላይ ተባዮችና በሽታዎች ተጽፈዋል። ለእያንዳንዱም የመግባቱና የመስፋፋቱ ዕድል፥ የሚያደርሰው ጉዳትና የሚጠፋው ሀብት ዋጋ ከ1 እስከ 5 ይመዘናል፤ ሦስቱ ነጥቦችም ይባዛሉ። ትልቁ ውጤት 125 ነው።

ልምምዱን የምናመሰግነው ተማሪውን ከዚህ ዓይነት ሥራ ጋር ስለሚያገናኘው ነው። በላቦራቶሪ ያለ ሰው ማስረጃው እስኪሞላለት ድረስ ይቆያል። በወደብ ላይ የተራገፈ ችግኝ ግን ይግባ ወይም ይመለስ ተብሎ ዛሬውኑ ሊወሰንበት ይገባል። ያልተሟላ ማስረጃ ይዞ መፍረድ ምን ያህል እንደሚከብድ በኮሌጅ አዳራሽ ውስጥ የሚያስተምር የለም።

ነቀፌታችንን ለማስረዳት የአሽን ዛፍ ታሪክ እንጥቀስ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በፖላንድ አሽ የተባለው ዛፍ ከጫፉ እየደረቀ ይሞት ጀመር። በ2006 የበሽታው ምክንያት የሆነው ፈንገስ ታውቆ ተጻፈ። በ2009 ደግሞ ይህ ፈንገስ በአውሮጳ ከጥንት ጀምሮ ከሚኖር፥ ጉዳት ከማያደርስ ሌላ ፈንገስ ጋር አንድ ነው ተባለ። በዚሁ ዓመት የብሪታንያ የችግኝ ነጋዴዎች ማኅበር ስለ በሽታው ለመንግሥት ማስጠንቀቂያ ቢሰጥ፥ ፈንገሱ በአገር ውስጥ ያለ ስለሆነ ችግኝ እንዳይገባ ማገድ አይቻልም የሚል መልስ አገኘ። ጥቂት ቆይቶ የዘር ምርመራ ሁለቱ ልዩ ልዩ መሆናቸውን ገለጠ፤ ገዳዩም የምሥራቅ እስያ ፈንገስ ነበር። በየካቲት 2012 በቡኪንግሃምሻየር በሚገኝ የችግኝ ጣቢያ ተገኘ፤ እገዳው የወጣው ግን በጥቅምት መጨረሻ፥ በሽታው በምሥራቅ እንግሊዝ ጫካ ከታየ በኋላ ነው። በ2019 የወጣ አንድ ጥናት ይህ በሽታ በብሪታንያ ላይ የሚያደርሰውን ጠቅላላ ኪሣራ ወደ 15 ቢሊዮን ፓውንድ ገምቶታል።

እገዳው በ2009 ቢወጣ ኖሮ ዛፉ ይድን ነበር አንልም፤ የፈንገሱን ዘር ነፋስም ባሕር ሊያሻግረው ይችላልና። ነገር ግን ሕጉ የቆመው በአንድ ስም ላይ ነበር፤ ስሙም ስሕተት ነበር።

እንግዲህ የመጀመሪያው ነቀፌታችን ከዚህ ይነሣል። መዝገቡ የሚጀምረው ከስም ነው። ስሙ ከተሳሳተ ብዜቱ ምንም ያህል ትክክል ቢሆን ስለ ሌላ ፍጥረት የተነገረ ይሆናል። ስሙ ትክክል ቢሆን እንኳ፥ ሦስት ጊዜ 3 ያገኘ ተባይ 27 ሲሆን፥ አንዱ ነጥብ ወደ 4 ከፍ ቢል 36 ይሆናል። ይህም ለውጥ ከአንድ ሰው ማመንታት ብቻ ሊመጣ ይችላል። ዝርዝር ትንታኔ ሲዘጋጅ የእርግጠኝነቱ መጠን እንደሚጻፍ እናውቃለን። ሆኖም ሥራ የበዛበት ሹም አስቀድሞ የሚያየው ቁጥሩን ነው። ረጅሙን ጥናት በሁለት ገጽ አሳጥር የተባለ ተማሪም አስቀድሞ የሚቆርጠው ጥርጣሬውን ነው።

ሁለተኛው ነቀፌታችን ስለ ጊዜው ነው። ስለ ችግኝ የተወሰነ ውሳኔ ፍሬው የሚታየው ከብዙ ዓመት በኋላ ሲሆን፥ ተማሪው በሦስት ወሩ ይሰናበታል። ስለዚህ መምከርን ተምሮ፥ ምክሩ ምን እንዳስከተለ ሳያይ ይሄዳል። ተማሪ እንግዳ ነው፥ የሹም ኃላፊነት አይጫንበትም የሚሉ ይኖራሉ። እውነት ነው፤ እኛም ይወስን አላልንም፤ ውሳኔ ከምን ተነሥቶ የት እንደሚደርስ ይይ ነው የምንለው።

ይህ ጉዳይ የእንግሊዞች ብቻ አይደለም። ከአሽ በሽታ በኋላ በ2012 የተቋቋመውን የዛፍ ጤና የሊቃውንት ቡድን የመሩት የካምብሪጁ ፕሮፌሰር ክሪስ ጊሊጋን፥ በአገራችን የስንዴ ዋግ የማስጠንቀቂያ ሥራም ተካፋይ ናቸው። በ2013 በባሌና በአርሲ የዲጋሉ ስንዴ በግንድ ዋግ ከተመታ በኋላ፥ የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት፥ ሲሚት፥ ካምብሪጅና የብሪታንያ የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት በመተባበር፥ ከማሳ የተሰበሰበውን መረጃ ከነፋሱ ትንበያ ጋር አጣምረው ምክር እንዲወጣ አድርገዋል። በዚህ ሥራ ስሌቱ ከማሳው አይለይም። ትክክለኛ ስም ብቻውን እንደማይበቃ ደግሞ የእንሰት አጠውልግ ያስተምረናል። ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ ባክቴሪያውን ለይተው ስም የሰጡት በ1968 ነው፤ በ2001 ግን ያው በሽታ በኡጋንዳ ሙዝ ላይ ተገኘ።

ስለዚህ በብሪታንያም ሆነ የእኛ ተማሪዎች ለልምምድ በሚላኩበት መሥሪያ ቤት ሦስት ነገር ቢደረግ እንወዳለን። አንደኛ፥ ተማሪው ከሦስቱ ወር ጥቂቱን ሳምንት ከተቆጣጣሪዎች ጋር በወደብ፥ በችግኝ ጣቢያ ወይም በማሳ ያሳልፍ። ሁለተኛ፥ ከአዲሱ ሥራ ጋር አንድ ያለፈ ውሳኔ ከነፋይሉ ይሰጠውና ከመጀመሪያው ደብዳቤ እስከ መጨረሻው ጉዳት ድረስ ተከታትሎ ይጻፍ። ሦስተኛ፥ በሚያዘጋጀው ጽሑፍ ራስ ላይ፥ ከቁጥሩ በፊት፥ በሽታው ስለ መታወቁና ስለ ስሙ ያለው ጥርጣሬ በግልጽ ይቀመጥ። ለዚህ አዲስ በጀት አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ሹሙ ያንን የመጀመሪያ መስመር ለማንበብ መፍቀዱ ነው።