ያልተደረሰ ለቅሶ

በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ባሉ የወሎ ቦረና ቀበሌዎች አረጋዊ ሰው «ጭንቀት ያዘኝ» ብሎ ወደ እኛ አይመጣም። «ልቤን ፈራ ፈራ ይለዋል»፣ «ደረቴን ይከብደኛል»፣ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ይላል። እኔ የአእምሮ ጤና ነርስ ብሆንም መጀመሪያ የማየው አካልን ነው፦ ደም ግፊት፣ ደም ማነስ፣ እንቅርት። የእንቅርት ዕጢ ሥራ ሲያበዛ ልብ ድው ድው ይላል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ጭንቀት ነው ብሎ ማለፍ ይቀላል።

አካሉ ደኅና ሲሆን «ቤት ከዋሉ ወዲህ የማን ለቅሶ ቀረብዎ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ብዙዎቹ እዚህ ላይ ያለቅሳሉ።

መጋቢት 30 ቀን 2012 በኮሮና ምክንያት አስቸኳይ ጊዜ ሲታወጅ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። በ2014 የሰሜኑ ጦርነት ደሴ ደረሰ። ከሐምሌ 2015 ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል ግጭት መንገድና ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሰነበተ። አረጋውያኑ ሦስቱን አይለያዩዋቸውም፤ ለእነሱ አንድ ረጅም ቤት መዋል ነው። በየመካከሉ ሰው ሞቷል። ወሎ ውስጥ በብዙ ቦታ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ቅሬ፣ ማለትም በአንድ ዕድር፣ ይቀባበራሉ። ዕድሜ ልኩን ቀባሪ የነበረ ሰው አንድ ቀብር ሲቀርበት ዕዳ ይሰማዋል፤ ዕዳው «እኔንስ ማን ይቀብረኛል?» የሚል ፍርሃት ይወልዳል። ሞቱን የሚፈራ አረጋዊ እምብዛም አላጋጠመኝም። «ቀባሪ አታሳጣኝ» የሚል ግን ሞልቷል።

ከአጥር መውጣት ያቆሙ አንዲት እናት ነበሩ። ልጆቻቸው ውኃውንም፣ ገበያውንም፣ ለቅሶውንም ተክተው ይሄዱላቸዋል፤ ፍቅራቸው በሩን ዘጋባቸው። እኔ ከጎረቤት ቡና ጀመርኩ፦ «እማማ፣ ቢጨንቅዎም በረካ ሳይጠጣ እንዳይነሡ።» አቦል ላይ ልብ ይመታል፤ ቶና ላይ ትንሽ ይቀንሳል፤ በረካ ሲቀዳ ፍርሃቱ በራሱ ጊዜ ይረግባል። አቦል ላይ የተነሣ ሰው ግን ፍርሃቱን ይዞ ይገባል፤ በማግስቱም ይብስበታል። (እንቅልፍ ለሚነሳቸው ከሰዓት በኋላ ሲኒው ይቅር፣ አብሮ መቀመጡ ይበቃል እላለሁ።) በዚምባብዌዋ ሐራሬ የአእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2006 ጀምሮ አሮጊቶችን አሠልጥኖ አግዳሚ ወንበር ላይ የተጨነቀ ሰው ያዳምጡ ዘንድ አስቀምጧል። እኛ ዘንድ ረከቦቱ ከጥንትም አለ።

ቡናው ሲለመድ ወደ ቀረው ለቅሶ ይኬዳል፤ ከአንድ ጎረቤት ጋር፣ ንፍሮ ይዞ፣ ዓመታት ቢያልፉም። እኚያ እናት ሲሄዱ ሐዘንተኛዋ «መጡልኝ» ብላ አብራቸው አለቀሰች። ከዚያ በኋላ ገበያውም ቤተ ክርስቲያኑም አላስቸገራቸውም።

«አይዞዎ፣ አሁን ምንም የለም» አልልም። ተኩስ በሚሰማበት አገር ያ ውሸት ነው፣ አረጋዊም ውሸት ያውቃል። ዛሬ የትኛው መንገድ ደኅና እንደሆነ አብረን እንጠይቃለን፤ የማያስፈራው ላይ ብቻ እንለማመዳለን። ዲያዜፓም የሚጠይቁኝም አሉ። ለአረጋዊ እፈራዋለሁ፤ ሌሊት ሲነሡ ይጥላቸዋል፣ የተሰበረ ዳሌ ደግሞ ዳግም ቤት ያውላል። ምግብ የተዉትን፣ መኖር ሰለቸኝ የሚሉትንና መርሳት የጀመራቸውን ግን ሳልዘገይ ወደ ሐኪም እመራለሁ።

የቅሬ መሪዎችን የምለምነው ነገር አለ። ጥሪ ስታስተላልፉ «ደክመዋል» ብላችሁ የሽማግሌዎቹን ቤት አትዝለሉ። ሬሳ መሸከም ባይችሉ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው ሐዘንተኛውን ያጽናናሉ፤ መዋጮውንም ከእጃቸው ተቀበሏቸው።