ስለ ጀምቤ ከበሮ አሠራርና ስለ መመዘኛው

የአንድን ሕዝብ የእጅ ሥራ የሚመረምር ሰው አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባው፣ ሥራው በማን ሚዛን እንደሚመዘን ነው። ይህ ጥያቄ ችላ ሲባል ምን ዐይነት ስሕተት እንደሚከተል፣ የምዕራብ አፍሪካ የማንዴ ሕዝቦች ከበሮ የሆነው ጀምቤ በግልጥ ያሳያል። ጀምቤ በጊኒ፣ በማሊ፣ በኮት ዲቩዋርና በቡርኪና ፋሶ የሚታወቅ፣ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣ፣ ቅርጹ ጽዋ የሚመስል ከበሮ ነው። እንደ ኢትዮጵያ ከበሮ በሁለት ወገን ቆዳ አይለብስም፤ ላይኛው አፉ ብቻ በቆዳ ተሸፍኖ ታችኛው ክፍት ይቀራል። የሚመታውም በባዶ እጅ ነው።

ሆርንቦስትልና ሳክስ እ.ኤ.አ. በ1914 ባወጡት የሙዚቃ መሣሪያዎች አመዳደብ መሠረት ጀምቤ ጽዋ መሰል ከበሮዎች ከሚባሉት ክፍል ይገባል። አመዳደቡ ለማነጻጸር የሚረዳ መልካም ሥራ ነው፤ ነገር ግን ቅርጽን ይለያል እንጂ ዋጋን አይመዝንም። አንዱ የሚናገር፣ ሌላው ዲዳ የሆኑ ሁለት ከበሮዎች በአንድ ቁጥር ሥር እኩል ይቀመጣሉ። የቤተ መዘክር መዝገብም ብዙ ጊዜ ከዚህ አይርቅም። ቁመቱ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ የአፉ ስፋት ከ30 እስከ 38 ሳንቲ ሜትር መሆኑን፣ በጎኑም ላይ የተቀረጸውን ጌጥ ይጽፋል። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ሆኖም ከበሮውን ከበሮ ያሰኘው ነገር ገና አልተነካም።

የጀምቤ ጥራት ከሁሉ በፊት በማይታየው በውስጡ ነው። በማንዴ ሕዝቦች ዘንድ እንጨት መጥረብ ከጥንት ጀምሮ ኑሙ የሚባሉት የአንጥረኞች ወገን ሥራ ነው። ጠራቢው ግንዱን ገና እርጥብ ሳለ ይፈለፍለዋል፤ ከዚያም በጥላ ሥር ቀስ ብሎ እንዲደርቅ ይተወዋል። የተቸኮለ ማድረቅ እንጨቱን ይሰነጥቀዋልና። ከላይ ያለው ሰፊ ሆድና ከሥሩ ያለው ጠባብ አንገት መጠናቸው ተስማምቶ ሲገኝ፣ በውስጡ ያለው አየር ከቆዳው ጋር አብሮ ይርገበገባል፤ ወፍራሙም ድምፅ የሚወለደው ከዚያ ነው። ሁለቱ ካልተመጣጠኑ ግን በውጭ የሚቀረጸው ጌጥ ሁሉ ይህን ጉድለት ሊሞላው አይችልም። የአፉ ጠርዝም እንዲሁ የእጅ ሥራ ፈተና ነው። ደልዳላና ክብ ሆኖ ካልተላገ፣ ስለቱ የመቺውን ጣት ይጎዳል፤ ቆዳውም በሁሉ ወገን እኩል ስለማይወጠር ድምፁ ይንጣጣል።

ቆዳው አብዛኛውን ጊዜ የፍየል ነው። አዋቂ ሠራተኛ የጀርባው መስመር በከበሮው መካከል እንዲያልፍ አድርጎ ይዘረጋዋል፤ ግራና ቀኙ በውፍረት እንዲመሳሰሉ ነው። እንዲህ ተሠርቶ በሚገባ የተወጠረ ጀምቤ ሦስት ድምፆች አሉት። አንደኛው በመዳፍ ከመካከል የሚወጣው ወፍራም ድምፅ፣ ሁለተኛው ጣት ተጋጥሞ ከጠርዙ አጠገብ የሚወጣው ሙሉ ድምፅ፣ ሦስተኛው በጥፊ መልክ የሚመታው ስለታም ድምፅ ነው። ሦስቱ ሳይደባለቁ ከተለዩ ከበሮው ፈተናውን አልፏል። ፈተናውም ለብቻው በተዘጋ ክፍል አይፈጸምም። ጀምቤ በዱላ ከሚመቱት ከዱንዱን ከበሮዎች ጋር በጭፈራ መካከል የሚሰማ ስለ ሆነ፣ ድምፁ ከእነርሱ በላይ ወጥቶ ለተወዛዋዡ እግር መድረስ አለበት።

አንዳንዶች ግን በዚህ ፈንታ የጥንትነትን ሚዛን ያነሣሉ። ቀድሞ ቆዳው በጠፍርና በእንጨት ችካል ይወጠር ነበር፤ ዛሬ በብረት ቀለበትና በፋብሪካ ገመድ ይወጠራል። ስለዚህ አዲሱ የተበላሸ፣ አሮጌው ብቻ እውነተኛ ነው ይላሉ። ይህ ፍርድ የከበሮውን ባለቤቶች ሳይጠይቁ የሚሰጥ ነው። በጠፍር የተወጠረው ቆዳ በእርጥበት ሲላላ በእሳት ዳር መሞቅ ነበረበት፤ የብረቱን ቀለበት መቺዎቹ የወደዱት ውጥረቱን አጽንቶ ስለሚይዝላቸው ነው። ኬይታ ፎዴባ ያቋቋመው የአፍሪካ ባሌ፣ ጊኒ እ.ኤ.አ. በ1958 ነፃ ከወጣች በኋላ የመንግሥት ጓድ ሆኖ ጀምቤን በዓለም መድረኮች ላይ ሲያሰማ፣ ከበሮው አዲስ ሥራ ተጨመረለት እንጂ ባሕርዩን አልለቀቀም።

እውነተኛው ጉዳት ከሌላ በኩል መጣ። ሴኩ ቱሬ እ.ኤ.አ. በ1984 ከሞቱ በኋላ የመንግሥቱ ድጋፍ ስለ ቀነሰ፣ ብዙ መቺዎች ወደ ውጭ አገር ሄደው ማስተማር ጀመሩ፤ ጀምቤ የሚገዛውም ሰው በዛ። ለእንግዳ ገበያ በችኮላ የሚሠራው ከበሮ በጌጥ ያማረ ሲሆን፣ ስንጥቁ በሙጫና በእንጨት ብናኝ ተደፍኖ በቀለም ይሸፈናል። ቀላል እንጨትም ይመረጥለታል። ይሁን እንጂ ቀላል እንጨት በራሱ ነውር አይደለም። በጋና የአካን ሕዝቦች በዱላ የሚመታውን የአቱምፓን ከበሮ ከቀላሉ ከትዌኔቦዋ ዛፍ ይፈለፍላሉ፤ ለዚያ ከበሮ የተከበረ እንጨት ነው። እንጨቱ የሚመዘን ከሚሰጠው አገልግሎት ጋር እንጂ ለብቻው አይደለም።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገውም እዚህ ላይ ነው። ስለ ጀምቤ የሚጽፉ ሰዎች ሌንኬ፣ ጃላ፣ ጉዌኒ የተባሉትን ከባድ እንጨቶች ስም ብቻ እየጠሩ የጥራት ማረጋገጫ አድርገዋቸዋል። እንጨቶቹ ጠንካሮች መሆናቸው አይካድም። ነገር ግን አፍዜሊያ፣ ካያና ፕቴሮካርፐስ በሚባሉት ወገኖች ውስጥ የሚቆጠሩት እነዚህ ዛፎች እየሳሱ ስለ ሄዱ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በፓናማ የተሰበሰቡት መንግሥታት የአፍሪካ ዝርያዎቻቸውን ንግድ በዓለም አቀፍ ቁጥጥር ሥር አደረጉት። ከበሮ ብቻ ዛፉን አልጨረሰውም፤ የሣንቃና የቤት ዕቃ ንግድ ከበሮን እጅግ ይበልጣል። ሆኖም የእንጨትን ስም ከእጅ ሥራ በላይ የሚያስቀምጥ ሚዛን፣ በክፉ የተጠረበውን ሌንኬ በመልካም ከተጠረበው ሌላ እንጨት አስበልጦ ያስገዛል፤ ዛፉንም ያለ ፍሬ ያስቆርጣል።

እንግዲህ የሚሻለው ሚዛን መቺውና ጠራቢው ራሳቸው የሚጠቀሙበት ነው። ውስጡ በእጅ ይዳሰስ፤ ጠርዙ በደልዳላ ቦታ ተደፍቶ ይታይ፤ ሦስቱ ድምፆች ይሰሙ። ቆዳው ደጋግሞ የተለወጠ፣ ስንጥቁ በግልጥ የተጠገነ አሮጌ ከበሮም በጉድለት ሳይሆን በታማኝ አገልግሎት ይቆጠርለት። በመዝገቡም ላይ ከቁመቱና ከስፋቱ በፊት አንድ ነገር ይጻፍ፤ ይኸውም የጠራቢው ስም ነው። ሠዓሊ በሥዕሉ ላይ ስሙን ሲያኖር፣ ግንዱን ከፍልፎ ድምፅ ያወጣለት ሰው «ያልታወቀ» ተብሎ መመዝገቡ የከበሮው ጉድለት አይደለም፤ የመዝጋቢው ነው።