ሳይፍቁ ማረም

ኮምፒውተር ጥገና ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሰው «ፎርማት ይደረግ» የሚለውን ፍርድ ያውቀዋል። ጥፋቱ አንድ የማይስማማ ድራይቨር ሊሆን ይችላል፤ ወይም ከሰው ፍላሽ የመጣ፣ ፎልደሮችን ሁሉ ሾርትከት አድርጎ የሚያስቀር ቫይረስ። ቅጣቱ ግን ቤቱን ከነመሠረቱ አፍርሶ እንደገና መሥራት ነው። እኔ ከዚህ ፍርድ የሚያድኑንን ፕሮግራሞች ሥራ ቀርቤ ማየት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። «ኮምፒውተሩን ወደ ትናንት እንመልሰዋለን» ማለት ለሁሉም ቀላል ነው። የሠሪው እጅ የሚለየው ምን እንደሚመልስና ምንን ሳይነካ እንደሚያልፍ ሲወስን ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ኢንተርኔት ቤት ያዘወተረ ሰው ከስክሪኑ ታች፣ ከሰዓቱ አጠገብ የምትቀመጠውን ነጭ ድብ ሳያያት አልቀረም። የካናዳው ፋሮኒክስ የሚሠራው የዲፕ ፍሪዝ ምልክት ናት። ደንበኛው ጨዋታ ይጫን፣ ፋይል ያጥፋ፣ ቫይረስ ያስገባ፣ ኮምፒውተሩ ሪስታርት ሲደረግ ሁሉም እንዳልነበረ ይሆናል። ብዙ ሰው ፕሮግራሙ የተበላሸውን አንድ በአንድ የሚጠግን ይመስለዋል። እሱ ግን ምንም አይጠግንም። ዲስኩ ላይ ሊጻፍ የመጣውን ሁሉ መንገድ ላይ ጠብቆ ወደ ሌላ ባዶ ቦታ ያዞረዋል፤ ዋናው ሳይነካ ይቆያል። ሪስታርት ሲደረግ የዞረውን የት እንዳስቀመጠው ይረሳል፤ ሥራው ይኸው ነው። ደንበኛው ቀኑን ሙሉ ሲያበላሽ ቢውልም ለአምስት ደቂቃ ብቻ ቢነካካም መርሳቱ እኩል ፈጣን ነው። ይህን አሠራር መጀመሪያ የተረዳሁ ቀን ደስታዬ ትልቅ ነበር፤ ማደስን በመርሳት መሥራት!

ግን ሲረሳ ሁሉንም ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ ቫይረሱ ብቻ ሳይሆን አንዲት ሥራ ፈላጊ ዴስክቶፕ ላይ ያስቀመጠችው ሲቪም የለም። የኢንተርኔት ቤቱ ባለቤት «ፍላሽ ላይ ሴቭ አድርጉ» እያለ የሚዞረው ለዚህ ነው። ለሕዝብ ኮምፒውተር ከዚህ የተሻለ ነገር አላየሁም፤ ለቤት ኮምፒውተር ግን አልመክረውም።

የዊንዶውሱ ሲስተም ሪስቶር መንገዱ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ከዊንዶውስ ሚ ጋር ሲመጣ የሲስተምና የፕሮግራም ፋይሎችን እንዲሁም የቅንብር መዝገቡን ሬጅስትሪን ብቻ እንዲመልስ፣ የሰውየውን ደብዳቤና ፎቶ ግን እንዳይነካ ተደርጎ ተሠራ። ብዙዎች «የጠፋ ፋይሌን አልመለሰልኝም» ብለው ይወቅሱታል። እኔ ይህን ገደብ እንደ ጨዋነት ነው የማየው፤ የማሽኑን ጉዳይ ከባለቤቱ ጉዳይ ይለያል። አንድ ሌላ ነገርም እወድለታለሁ። ወደ ኋላ ሊመልስ ሲል መጀመሪያ አሁን ያለውን፣ የተበላሸውን ጭምር፣ ይመዘግባል። መመለሱ ራሱ ስህተት ሆኖ ከተገኘ እሱንም መሻር ይቻላል። ከሴፍ ሞድ ሲሠራ ብቻ ይህ አይገኝም።

ከቪስታ ጀምሮ ከዚህ ሥር የሚሠራው ሻዶው ኮፒ የሚባለው፣ የዲስኩን የአንድ ቅጽበት ምስል የሚያነሳው ክፍል ነው። ልክ እንደ ጥሩ ፎቶ አንሺ፣ ከማንሳቱ በፊት ሰዎቹን ያሰልፋል። ክፍት ዳታቤዝ ካለ «የጀመርከውን ጨርስ፣ ከዚያ ቁም» ይለዋል። ፕሮግራሞቹ መጻፍ አቁመው እንዲጠብቁ ቢበዛ 60 ሰከንድ ይሰጣቸዋል፤ ዲስኩ ላይ መጻፍ ራሱ የሚታገደው ደግሞ ከ10 ሰከንድ ላልበለጠ ጊዜ ነው። ተጠቃሚው ያን ቅጽበት ሳያውቀው ያልፋል።

ከሁሉም በላይ የማደንቀው ግን ዜድኤፍኤስ የተባለውን ፋይል ሲስተም፣ ማለትም ፋይሎች ዲስክ ላይ የሚጻፉበትን ሥርዓት ነው። ጄፍ ቦንዊክና ማቲው አረንስ እ.ኤ.አ. በ2001 ሰን ማይክሮሲስተምስ ውስጥ ጀመሩት፤ ኮዱ በ2005 ለሁሉም ተከፈተ። ሥራውን ለማስረዳት ከቁም ጸሐፊ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ጸሐፊው ብራና ላይ ሲሳሳት በቢላ ፍቆ በላዩ ይጽፋል። እጁ የቱንም ያህል የረቀቀ ቢሆን ብራናው እዚያ ላይ ይሳሳል፤ የቀድሞው ቃልም አይገኝም። የተለመደው ዲስክ አጻጻፍም እንዲሁ በአሮጌው ላይ አዲሱን መጻፍ ነው። ዜድኤፍኤስ በሥራ ላይ ያለ ጽሑፍን ፈጽሞ አይፍቅም። የተለወጠችውን ቁራጭ ባዶ ቦታ ላይ እንደ አዲስ ይጽፋታል። የእሷን አድራሻ የያዘችውንም ቁራጭ እንዲሁ፣ የእሷን የያዘችውንም እንዲሁ፣ እያለ እስከ ሥሩ ይወጣል። ሥሩ የሚለወጠው በመጨረሻ ነው። መሃል ላይ መብራት ቢጠፋ አሮጌው ሥር ከነቅርንጫፉ ሙሉ ሆኖ ይገኛል፤ ግማሹ አዲስ ግማሹ አሮጌ የሆነ ነገር አይኖርም።

ይህ ከተሠራ በኋላ ስናፕሾት፣ የዲስኩን የአንድ ቅጽበት ምስል ማስቀረት፣ ማለት አሮጌውን ሥር አለመጣል ብቻ ነው። በቅጽበት ያልቃል፤ መጀመሪያ ላይ ቦታ የሚባል ነገር አይወስድም። ችግሩ የሚመጣው ሲጸዳ ነው። አንድ ቁራጭ አሁን ካላስፈለገ፣ ከብዙዎቹ ስናፕሾቶች አንዱ እንዳልያዘው በምን ይታወቃል? ሁሉንም መፈተሽ ማሽኑን ያደክመዋል። መልሱ እያንዳንዱ አድራሻ ላይ የተጻፈች አንዲት የልደት ቁጥር ናት። ከቤተሰብ ፎቶ በኋላ የተወለደ ሕፃን ፎቶው ውስጥ ሊኖር አይችልም። ቁራጩ ከመጨረሻው ስናፕሾት በኋላ ከተወለደ ማንም አልያዘውምና ቦታው ይለቀቃል፤ ቀድሞ ከተወለደ ስሙ ተመዝግቦ ይቆያል። ሁለት ቁጥር አወዳድሮ መወሰን፣ አለቀ። ያችው ቁጥር ሌላም ሥራ አላት፦ ባክአፕ ወደ ሌላ ማሽን ሲላክ ከባለፈው ወዲህ የተወለዱትን ብቻ ለይታ ታወጣለች። መላኩ ደግሞ ግዴታ ነው። ስናፕሾቱ ያለው እዚያው ዲስክ ላይ ስለሆነ ዲስኩ ከተቃጠለ አብሮ ይቃጠላል።

በዚሁ ሳይፍቁ የመጻፍ መንገድ ክሪስ ሜሰን እ.ኤ.አ. በ2007 ለሊኑክስ ቢቲአርኤፍኤስ የተባለውን ፋይል ሲስተም ጀመረ። ኦፕንሱዛ የተባለው ሊኑክስ በእሱ ላይ ስናፐር የሚባል መሣሪያ አስቀምጧል። ፕሮግራም ሲጫን ከመጫኑ በፊት አንድ፣ ከተጫነ በኋላ አንድ ስናፕሾት ይነሳል፤ ሁለቱን አስተያይቶ የቱ ፋይል እንደተለወጠ ማየት ይቻላል። ሲስተሙ ጨርሶ አልነሳ ካለም ኮምፒውተሩ ሲበራ ከሚመጣው ዝርዝር የትናንቱ ይመረጣል። የተመረጠው መጀመሪያ የሚከፈተው ለማንበብ ብቻ ነው፤ ባለቤቱ ደህና መሆኑን አይቶ ሲያጸድቀው ነው የሚጸናው።

እዚህ ሥራ ላይ ዓይኔ የሚቆየው ከስናፕሾቱ ውጭ እንዲቀሩ በተለዩት ፎልደሮች ላይ ነው። የሰዎች ፋይል የሚቀመጥበት ሆም ውጭ ነው፤ ሲስተሙ ወደ ትናንት ሲመለስ ዛሬ የተጻፈ ደብዳቤ አብሮ አይጠፋም። ማሽኑ የዕለት ውሎውን የሚጽፍበት ሎግም ውጭ ነው። ሠሪዎቹ ይህን ያደረጉት አስበው ነው። ጠጋኙ የተበላሸውን ሲስተም ወደ ትናንት መልሶ ሎጉን ሲከፍት፣ ዛሬ ጠዋት በስንት ሰዓት፣ የትኛው ፕሮግራም፣ ምን ብሎ እንደወደቀ እዚያው ተጽፎ ያገኘዋል።