ስለ ወደቁት የጣሊያን በራሪዎች የተጻፈውና ያልተጻፈው

በማሃኔ የሁዳ ሰፈራችን የሚኖሩ የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች «ሾራሺም» የሚባለውን የዘር ሐረግ ሥራ ይዘው ወደ አያቶቻቸው ይሄዳሉ። አንዳንዶቹም መጠየቂያውን ወደ አማርኛ የሚመልስላቸው ሰው ሲፈልጉ ወደ እኔ ይመጣሉ። ከእነዚያ ወረቀቶች አንዱ ነው ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ። ልጅቷ ከሞቱት ዘመዶች መካከል የአያቷን አጎት አስገብታለች። ስሙ አለ፤ «ቀጥቃጭ» ተብሎ ሥራው አለ፤ «ወገራ፤ ከአውሮፕላን በተጣለ ቦምብ» ተብሎ የሞተበት ቦታና ምክንያት አለ። ቀኑ ግን ባዶ ነው። «ለምን ተውሽው?» ብላት፣ «አያቴ አታውቀውም፤ ማንም አልጻፈውም» አለችኝ።

«ማንም አልጻፈውም» የሚለው ቃል ከነከነኝ። በዚያው ሰሞን ስለዚያ ጦርነት አየር ኃይል ሰዎች የተጻፈውን ሳገላብጥ ነበር፤ ስለ እነርሱ የተጻፈው ደግሞ ጥቂት አይደለም። ስለዚህ አስተያየቴን በዚህ መጽሔት ለአንባብያን ማቅረብ ወደድሁ።

በመጀመሪያ ለሙያው የሚገባውን ክብር ልስጥ። በጦርነት የወደቁ የቦምብ ጣይ አውሮፕላን ባልደረቦችን ዱካ የሚከታተሉ ሰዎች አሠራር እጅግ የሚደነቅ ነው። ከአውሮፕላኑ መለያ ቁጥር ይነሳሉ። የስኳድሮኑን የውሎ መዝገብ ያወጣሉ፤ በዚያች ሌሊት ማን እንዳበረረ፣ ማን መንገድ እንደመራ፣ ማን ሬዲዮውን እንደያዘ፣ ማን በመትረየሱ ላይ እንደተቀመጠ አንድ በአንድ ይለያሉ። ከዚያም ስብርባሪው የወደቀበትን ማሳ ይፈልጋሉ፤ ያየ ገበሬ ካለ ይጠይቃሉ፤ በመጨረሻም መቃብሩንና የዘመዶቹን በር ያንኳኳሉ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ቦምብ ጣይ ክፍል 55,573 ሰው ሞቶበታል፤ ቁጥሩ እስከ መጨረሻው አንድ ሰው ድረስ የሚታወቀው በእንዲህ ያለ ሥራ ነው። ለንደን አጠገብ በሚገኘው በረኒሚድ መታሰቢያ መቃብር ያላገኙ ከ20,000 በላይ የአየር ኃይል ሰዎች ስም በድንጋይ ተቀርጿል። አካሉ ባይገኝም ስሙ አልጠፋም። በእስራኤልም የመከላከያ ሚኒስቴር በሚያዘጋጀው «ይዝኮር» ለእያንዳንዱ የወደቀ ወታደር የሕይወት ታሪኩ ተጽፎለታል፤ ስለዚህ ለእኛ ልጆች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ጣሊያኖቹ ልምጣ። ቲቶ ሚኒቲ የሚባል የመቶ አለቃ ታኅሣሥ 16 ቀን 1928 ዓ.ም. (ዲሴምበር 26 ቀን 1935) በኦጋዴን በደጋሃቡር አቅጣጫ ለቅኝት ሲበር ለማረፍ ተገደደ፤ እርሱም ባልደረባው ሳጅን ሊቪዮ ዛኖኒም ተገደሉ። ሚኒቲ ከሞተ በኋላ የወርቅ ሜዳልያ ተሸለመ። የሬጂዮ ካላብሪያ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል፤ በየቀኑ ሻንጣ የሚጎትት ተጓዥ ሁሉ ሳያስበው ስሙን ያነሣል። ይህ የመታሰቢያው አንዱ ገጽ ነው። ሌላው ገጽ የተጻፈው ከአራት ቀን በኋላ ነው። ታኅሣሥ 20 ቀን የጣሊያን አውሮፕላኖች በመልካ ዲዳ የነበረውን፣ በዶክተር ፍሪዴ ሂላንደር የሚመራውን የስዊድን ቀይ መስቀል ሆስፒታል በቦምብ ደበደቡ። ጉናር ሉንድስትሮም የሚባል ስዊድናዊና ከሃያ በላይ ሕመምተኞች ሞቱ። የተጣለው በራሪ ወረቀት ምክንያቱን ይናገር ነበር፤ የተማረከ አብራሪያችንን ስለገደላችሁ የእጃችሁን ታገኛላችሁ የሚል ነው። እንግዲህ የአንድ በራሪ ሞት በድንኳን ውስጥ የተኙ ሰዎችን መግደያ ሰበብ ሆነ ማለት ነው። ስለ ሚኒቲ የሚጽፉት ብዙዎቹ በአሟሟቱ ላይ ገጽ በገጽ ሲያትቱ መልካ ዲዳን ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፏታል። የስዊድናዊው ስም ይገኛል። ሕመምተኞቹ በቁጥር ብቻ ቀርተዋል።

የአንቶኒዮ ሎካቴሊም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። የቤርጋሞ ሰው፣ ተራራ ወጪ፣ ጸሐፊና ዝነኛ አብራሪ ነበር፤ በ1918 (እ.ኤ.አ.) በቪየና ላይ በረው በቦምብ ፈንታ በራሪ ወረቀት ከበተኑት አንዱ ነው። ሰኔ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. (ጁን 27 ቀን 1936) ሌሊት በነቀምቴ አቅራቢያ በቦናያ ከጄኔራል ቪንቼንዞ ማሊዮኮና ከሌሎች ጓደኞቹ ጋር በጥቁር አንበሳ አርበኞች ተገደለ፤ አውሮፕላኖቻቸውም ተቃጠሉ። ከመካከላቸው የተረፈው ሚሲዮናዊው አባ ቦሬሎ ብቻ ነው። የጣሊያን ጸሐፊዎች ይህን «የለቀምት ጭፍጨፋ» ይሉታል፤ የእኛዎቹ ደግሞ ከጥቁር አንበሳ ገድሎች አንዱ አድርገው ይተርኩታል። እኔ በሁለቱም አልረካም። ጣሊያኑ ሰዎቹ የመጡት ምዕራቡን አገር ለመያዝ መሆኑን አለስልሶ ያልፋል። የእኛ ተራኪ ደግሞ የሞቱትን እነማን እንደሆኑ ለማወቅ አይደክምም፤ «የጣሊያን መኮንኖች» ብሎ ይበቃዋል። በዶሎሚቲ ተራሮች ላይ ግን የሎካቴሊን ስም የያዘ የተራራ ማረፊያ ቤት አለ፤ በየበጋው በሺህ የሚቆጠር መንገደኛ ይገባበታል።

ከሁሉ ይልቅ ያቆየኝ የአባትና የልጆች ነገር ነው። የሙሶሊኒ ሁለት ልጆች ቪቶሪዮና ብሩኖ በኢትዮጵያ ዘመቻ በቦምብ ጣይ አውሮፕላን ተሳትፈዋል፤ ጦርነቱ ሲጀመር አንዱ 19፣ ሌላው 17 ዓመቱ ነበር። አማቻቸው ጋሌያዞ ቺያኖም «ላ ዲስፔራታ» የተባለውን ቦምብ ጣይ ስኳድሮን ይመራ ነበር። ቪቶሪዮ ከጦርነቱ በኋላ በ1937 (እ.ኤ.አ.) ስለ በረራው መጽሐፍ አሳተመ። በዚያ መጽሐፍ ቦምቡ በፈረሰኞች መካከል ሲፈነዳ በሚፈካ አበባ ይመስለዋል፤ ነገሩ ሁሉ እንደ ጨዋታ ነው። ብዙ ተቺዎች ጭካኔውን አውግዘዋል፤ ልክ ናቸው። ለእኔ ግን ከጭካኔው ይልቅ የታየኝ ርቀቱ ነው። ጸሐፊው ከላይ ሆኖ ነውና የሚያየው፣ ሰው ለእርሱ ነጥብ ነው፤ ፈረስም ነጥብ ነው። ፊት ያለው አውሮፕላኑ ውስጥ የተቀመጠው ብቻ ነው።

ነሐሴ 1 ቀን 1933 ዓ.ም. (ኦገስት 7 ቀን 1941) ብሩኖ በፒሳ አጠገብ አዲስ ባለ አራት ሞተር ቦምብ ጣይ ሲሞክር ተከስክሶ ሞተ፤ 23 ዓመቱ ነበር። አባቱም «ከብሩኖ ጋር እናገራለሁ» የሚል መጽሐፍ በዚያው ዓመት አወጣ። መጽሐፉን የጻፈው እጅ የማን እንደሆነ ረስቶ ለሚያነበው ሰው የአባት ሐዘን ነው፤ ልጁን በስሙ እየጠራ፣ እንደ ሕያው ያነጋግረዋል። ሐዘኑ ውሸት ነው አልልም። ልጅ የቀበረ ሰው ሐዘን በእኛም አገር በነገሥታትም በድሆችም ቤት አንድ ነው። ነገር ግን በልጁ የአገልግሎት ታሪክ ውስጥ የኢትዮጵያ ሰማይ እንደ ክብር ይቆጠራል። ያ አባት ለአንድ ልጅ አንድ መጽሐፍ ሲጽፍ፣ ልጁ ከበረረበት ሰማይ በታች የነበሩት አባቶች ምን ጻፉ? በቃል አለቀሱ፤ በሙሾ አወረዱት፤ አልቃሾቹም በየተራ አለፉ።

ለሰዎቹ ፍርድ ሚዛኑን ለመጠበቅ ከጎንደር አንድ ነገር ላንሣ። ኦክቶበር 24 ቀን 1941 ጣሊያኖች በጎንደር ተከበው ሳሉ ኢልዴብራንዶ ማላቮልቲ የሚባል ተዋጊ አብራሪ ብቻውን ወጥቶ ተመትቶ ወደቀ። ደቡብ አፍሪካውያን ጠላቶቹ በኋላ በጣሊያኖቹ ሰፈር ላይ ወረቀት ጣሉ፤ ጀግና ነበር የሚል የአክብሮት ቃል ነው። ይህ መልካም ነገር ነው። ሆኖም በዚያ ጦርነት ከሰማይ የወረደውን ወረቀት ስናስበው፣ በመልካ ዲዳ የዛቻ ወረቀት ወረደ፣ በጎንደር የማክበሪያ ወረቀት ወረደ፤ ሁለቱም ስለ በራሪዎች የተጻፉ ናቸው። ስለ ወገራው ቀጥቃጭ አንድም አልወረደም።

እንግዲህ ነቀፌታዬ ይህ ነው። የሞቱ በራሪዎች ታሪክ ለምን ተጻፈ አልልም። የምነቅፈው ምርምሩ ከአውሮፕላኑ ከፍታ አለመውረዱን ነው። ተመራማሪው አውሮፕላኑ በስንት ሰዓት እንደተነሣ፣ ስንት ቦምብ እንደጫነ፣ በየትኛው መንደር ላይ እንደጣለ ያውቃል፤ የመንደሩን ስም ጽፎ ወደሚቀጥለው በረራ ያልፋል። ብዕሩ አውሮፕላኑን ተከትሎ ወደ ሰፈሩ ይመለሳል፤ ቦምቡ በወደቀበት አይወርድም።

ይሁን እንጂ ከዚያው መዝገብ ውስጥ ለእኛ የሚጠቅም ነገር አለ። ምሳሌው የመርዝ ጋዙ ጉዳይ ነው። የጣሊያን መንግሥት ለ60 ዓመታት ያህል ሲክድ ኖረ፤ የቆሰሉት ኢትዮጵያውያን ምስክርነት አልበቃ አለ። ተመራማሪው አንጀሎ ዴል ቦካ ግን የራሳቸውን የጣሊያኖቹን ቴሌግራምና የጦር ሰነድ ይዞ ተከራከረ፤ በ1996 (እ.ኤ.አ.) የመከላከያ ሚኒስትሩ ጋዙ በቦምብና በመድፍ ጥይት መጣሉን አመኑ። እንግዲህ በራሪዎቹ ለክብራቸው የያዙት መዝገብ ለተመቱት ሰዎች ምስክር ሆነ። ሮም የሚገኘው የጣሊያን አየር ኃይል የታሪክ ክፍል የጠበቃቸው የስኳድሮን መዝገቦች፣ ለእኛ የሙታን ቀን መቁጠሪያ ሊሆኑ ይችላሉ።

ይህን በልጅቷ ወረቀት ሞከርነው። ከአያትዋ ጋር ቡና እየጠጣን ጠየቅናቸው። «እማማ፣ አጎትዎ የሞቱት መቼ ነበር?» ስንል «እኔ አልተወለድኩም» አሉ። «እናትዎስ ምን ይሉ ነበር?» ስንላቸው ግን ነገሩ ተከፈተ። ጣሊያን ጎንደር ከገባ ከሁለት ወይም ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ሲግድ ካለፈ ሳምንቱ ነው፤ ጤፍ ይታጨድ ነበር፤ እርሱም የሠራውን ማረሻ ለባላገር ሊያደርስ ወጥቶ ነበር። እስቲ ይህን እንቁጠር። ጣሊያኖች ጎንደር የገቡት በኤፕሪል 1936 ነው። ስለዚህ ዘመኑ 1937 ወይም 1938 ይሆናል። ሲግድ በማርሔሽዋን 29 ይውላልና፣ በዛሬው የዕብራይስጥ አቆጣጠር በ1937 ኖቬምበር 3፣ በ1938 ደግሞ ኖቬምበር 23 ላይ ነበር። ጤፍ በሰፊው የሚታጨደው በኅዳር አጋማሽና በታኅሣሥ ነውና፣ የአያትዋ ቃል ከሁለተኛው ዓመት ጋር ይበልጥ ይስማማል። የቤተ እስራኤል ቄሶች አቆጣጠር ከዛሬው በቀናት ሊለይ እንደሚችል አልዘነጋሁም፤ ስለዚህ ቀኑን ሳይሆን ሳምንቱን ያዝን። አሁን አንድ ሰው በመዝገቡ ውስጥ በኖቬምበር መጨረሻና በዲሴምበር መጀመሪያ 1938 በወገራ ላይ የተደረጉትን በረራዎች ይፈልጋል። ከመላው ጦርነት ወደ ሁለት ሳምንት ወረድን።

ለሚፈልጉ ወጣቶች አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በጣሊያኖች መዝገብ ውስጥ የቦታ ስም በአማርኛ አጠራሩ አይገኝም፤ እነርሱ «ወ»ን በ«ኡ» ድምፅ ይጽፋሉ፣ «ቀ»ንና «ከ»ን አይለዩም፣ «ጠ»ንና «ተ»ንም እንዲሁ። ወገራን የሚፈልግ «ኡ» ከሚለው ፊደል ይጀምር። የሰው ስምም ይሄው ችግር አለበት፤ ከእኛ አባቶች ብዙዎቹ እዚህ አገር ሲገቡ በአባት ስም ፈንታ የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ተጽፎላቸዋል፣ የዕብራይስጥ ስምም ተጨምሮላቸዋል። ሁለቱንም ሳይጽፉ ፍለጋ መጀመር ድካም ነው።

በሱዳን መንገድ ላይ ላለቁት 4,000 የሚሆኑ ወገኖቻችን በኢየሩሳሌም በሄርዝል ተራራ በ2007 (እ.ኤ.አ.) መታሰቢያ ቆሞላቸዋል፤ ስሞችም ተቀርጸውበታል። ስሞቹ የተሰበሰቡት ከቤት ወደ ቤት፣ ከአንደበት ነው። ሥራው እንደሚቻል እናውቃለን። በ1930ዎቹ ከአውሮፕላን የሞቱትን ግን ማንም ለመሰብሰብ አልተነሣም፤ ከሚያስታውሷቸው ሰዎች የሰሙት እንኳ እያለቁ ነው። ጉዳዩ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም፤ ያው የጣሊያን አየር ኃይል ጳጉሜን 4 ቀን 1932 ዓ.ም. (ሴፕቴምበር 9 ቀን 1940) ቴል አቪቭን ደብድቦ 137 ሰው ገድሏል፤ እነርሱ በከተማቸው መታሰቢያ አላቸው። ከዚህ ሰፈር በአውቶቡስ ብዙ አይርቅም፤ የእኛ ልጆች ሄደው ቢያዩት መልካም ነው፤ ጎንደር ላይ ያንዣበበው የትኛው አየር ኃይል እንደነበር በዚያ ድንጋይ ፊት ቆሞ ማስረዳት ይቀላል።

ልጅቷ ወረቀቷን ከማስረከቧ በፊት ባዶውን ቦታ ሞላችው፤ «ከሲግድ በኋላ ባለው ሳምንት፣ ምናልባት 1938፣ ማረሻ ሊያደርስ ሲሄድ» ብላ። መምህርቷ «ምናልባት» የሚለው ይውጣ ብላት እንደሆነ ጠየቅኋት። «አላለችም» አለችኝ። አያትዋ ግን «ማረሻው ደረሰ ወይ ብለሽ ጻፊ» ብለዋት ነበርና፣ ከታች በትንንሽ ፊደል እርሱንም ጨምራለች።