የአፍሪካ አዳራሽ መስተዋትና የዓለም በቃኝ ግንብ

ስለ አዲስ አበባ የተጻፉ የጎብኚ መምሪያዎች ዝርዝራቸው አንድ ዓይነት ነው፤ እንጦጦ፣ መርካቶ፣ ቅድስት ሥላሴ፣ ብሔራዊ ሙዚየም፣ በመጨረሻም የአፍሪካ አዳራሽ። በዝርዝሩ ስሕተት አናገኝበትም። ጉድለቱ የሚታየውን ቆጥሮ የተሰወረውን አለመጠየቁ ነው። ከተማ እንደ ድርሰት የሚነበብ ከሆነ፣ የተፋቀውም መሥመር መነበብ አለበት። ስለዚህ በዚህ አጭር ሂስ አንድ መስተዋትና አንድ የፈረሰ ግንብ አጣምረን እንመለከታለን። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

በ1961 የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ የኢጣሊያዊው አርክቴክት የአርቱሮ መዜዲሚ ሥራ ነው። በመግቢያው 150 ካሬ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም የመስተዋት ሥዕል ይገኛል። ሥዕሉ ሦስት ክፍል አለው፤ ያለፈውን መከራ፣ ትግሉንና ተስፋውን ይተርካል። በትግሉ ክፍል ሰው ከዘንዶ ጋር ይተናነቃል። ቅዱስ ጊዮርጊስን በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ እያየ ላደገ ሰው ይህ ትርጓሜ አያሻውም። በተስፋው ክፍል ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ችቦ ይዞ ይታያል፤ ከኋላው የተባበሩት መንግሥታት ምሳሌ የሆነ ጥሩር ለባሽ ቆሟል።

በ1960 ብቻ 17 የአፍሪካ አገሮች ነፃ ወጥተው ስለነበር ይህ ተስፋ መሠረት የለሽ አልነበረም። ከ30 የማያንሱ የአፍሪካ መሪዎች ግንቦት 1963 የአንድነቱን ድርጅት የመሠረቱት በዚሁ አዳራሽ ነው። ሆኖም በሥዕሉ ዘንዶው ባዕድ ነው፤ ጠባቂውም ባዕድ ነው። ቅኝ ገዥው ከወጣ በኋላ ዘንዶው ከቤት ሊወለድ እንደሚችል ሥዕሉ አልጠረጠረም። ሠዓሊውን ግን በዚህ አንወቅስም፤ ዘመኑም አልጠረጠረም ነበርና።

ጥርጣሬው በዚያችው ከተማ በሌላ ግንብ ላይ ተጽፎ ነበር። «ዓለም በቃኝ» መነኩሴ ወዶ የሚናገረው ቃል ነው፤ በወህኒው ግን እስረኛው ተገዶ ወረሰው። በ1937 በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ፋሺስቶች ኢትዮጵያውያንን አጎሩበት። ፋሺስቶቹ ተባረሩ፤ ወህኒው ግን ቀረ። በንጉሡም በደርግም ዘመን የፖለቲካ እስረኞች ማቀቁበት። ኅዳር 1974 ደርግ 60 ሰዎችን ያለ ፍርድ የረሸነው እዚያው ነው።

ግንቡ ፈረሰ፤ በሥፍራው በቻይና መንግሥት ወጪ የተሠራው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ጥር 2012 ተመረቀ። የሕንፃው ከፍታ 99.9 ሜትር ነው፤ ኅብረቱን ለመመሥረት የተወሰነበትን 9/9/1999ን እንዲያስታውስ ታስቦ ነው። እንግዲህ መሪዎች የተስማሙበት ቀን በሜትር ተለክቶ በሰማይ ላይ ተጽፏል። ከበታቹ ያለው መሬት የመሰከረው ቀን ግን ከፍታ አላገኘም። የሰብአዊ መብት መታሰቢያ እንደሚቆም ቃል መገባቱን እናውቃለን፤ ቃል ግን እንደ ሕንፃ ከሩቅ አይታይም።

ይህን ስንል ጣታችንን በሌሎች ላይ ብቻ ለመቀሰር አይደለም። እኛ በስደት ያለን ተማሪዎች በየስብሰባችን የምንስለው ሥዕል ከመስተዋቱ ይለያልን? ዘንዶውን ሁልጊዜ በሌላው ወገን መልክ እንስለዋለን፤ ችቦውን ለራሳችን እንሰጣለን። የየወገናችንን ሰማዕታት በስም እየቆጠርን የሌላውን በጅምላ እናልፋለን። በዓለም በቃኝ ግን የተለያየ ወገን ሰዎች፣ አሳሪ የነበሩትም ጭምር፣ በየተራ ገብተዋል።

አዳራሹ በ2024 ታድሶ ተከፍቷል። አንድ ቀን ለመመለስ የበቃን እንደሆነ በመስተዋቱ ፊት ቆመን እናድንቅ፤ ሊደነቅ ይገባዋልና። ከዚያም ወደ ረጅሙ ሕንፃ እንሂድና፣ ቀና ብለን ከፍታውን ከማየታችን በፊት የቆምንበትን መሬት እንጠይቅ።